ሰባት ጊዜ አሥራ ሦስት

ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ ዘምዘም ይመር ሰው እንዳልሆነች ነገራት።

በአፉ የነገራት የለም። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ መዳፏን እንዳስቀመጠች መስተዋቱ ቢጫ በራና “ተካፋይ” የሚል ጽሑፍ አወጣ። ነርሷ ሳቅ ብላ “ላብ ይሆናል” አለችና የዘምዘምን እጅ በጥጥ ጠርጋ መልሳ አስቀመጠችው። መስተዋቱ ሁለተኛ ጊዜ ዘርዝሮ ጻፈ፦ ጥምረት፤ የአባላት ብዛት ሁለት፤ አካል ለመስጠት የማይችል። ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ተላላፊ በሽታ ያየች ትመስል ነበር።

ቀዶ ጥገናው የተያዘው ለሐሙስ ነው። የዘምዘም አባት አቶ ይመር አሊ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከከዱት ሁለት ዓመት አልፎታል። በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በማሽን እያጠቡለት ነው የሚኖረው። ሐሙስ ካለፈ የሚቀጥለው ወረፋ ከሰባት ወር በኋላ ነው። ሐኪሙ “ሰባት ወር” ሲል ዓይኗን አላያትም፤ ወለሉን ነው ያየው። ሰባት ወር የሚቆይ ሰው እንደሌለ ሁለቱም ያውቁታል።

በዚያ ዘመን ሕጉ አጭር ነበር። ሰው ሲወለድ አንድ ብቸኛ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ብቸኛ ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም ያለ ትርፍ የማይካፈል ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ሲጋቡ ወይም ሽርክና ሲገቡ ቁጥሮቻቸው ይባዙና ብዜቱ የጥምረቱ ቁጥር ይሆናል። እንግዲህ የማይካፈል ሰው ነው፤ የሚካፈል ጥምረት ነው። ሌላ አንቀጽ የለውም። የዳቦ ቤቱ መስኮት፣ የመስጊዱ የውዱእ ቧንቧ፣ የአውቶቡሱ በር የሚታዘዙት ለቁጥር ነው። መቶ ሃምሳ ወይም ሦስት መቶ አኃዝ ያለውን ነገር ማንም በቃሉ ሊይዝ ስለማይችል፣ ሰው የሚያውቀው “ጅራቱን” ነው፤ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች። በሁለት ወይም በአምስት የሚጨርስ ሰው ስለሌለ፣ የኮምቦልቻ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አንዶች፣ ሦስቶች፣ ሰባቶችና ዘጠኞች ተባብለው ይከፈላሉ። ዘምዘም ከአንዶች ነበረች፤ ጅራቷ 3491። በዚያ ላይ በሰፈሩ የመጀመሪያዋ ባለረጅም ቁጥር እሷ ናት። ከእሷ በፊት የተወለደው ሁሉ አጭሩን፣ የመቶ ሃምሳ አኃዙን ነው የያዘው። ልጅ ሳለች በዚህ ስትኮራ፣ አባቷ ፊቱን ያዞር ነበር። ለምን እንደሚያዞር ጠይቃው አታውቅም።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በር ሁሉ ሲከፈትላት ኖሯል። ባትሪ ጠጋኝ ናት፤ የጭነት መኪና ባትሪ ሆዱን ቀድዳ የሞተውን ክፍል ለይታ ታወጣለች። እጇ በአሲድ የተጠባበሰ፣ ምላሷም ከአሲዱ የማይተናነስ ሴት ናት። በቀጥታ ወደ ቁጥር ቤት ሄደች።

በመስኮቱ የተቀመጠው ሠራተኛ የእሷ እኩያ ነው። ደረቱ ላይ “እንድሪስ ጫኔ” የሚል ተለጥፏል። ፀጉሩ በደንብ የተበጠረ፣ ድምፁ በደንብ የተበጠረ።

“እንኳን ደህና መጣችሁ” አላት።

“ብቻዬን ነኝ።”

“አይ፣ ሁለት ናችሁ” አለ፤ ማያ ገጹን እያየ። “ሆስፒታሉ ሙሉ ምርመራ አድርጓል። በተለመደው ምርመራ ቁጥሩን አንድ ጥያቄ ነው የምንጠይቀው። አካል ለሚሰጥና ድንበር ለሚሻገር ግን አርባ ጥያቄ ይጠየቃል። ቁጥራችሁ ሁለተኛው ላይ ወደቀ። ስናየው የሁለት አጫጭር ቁጥሮች ብዜት ነው።”

“እኔ የማንም ብዜት አይደለሁም። ይመር አሊ ነው የወለደኝ። ሐሙስ ኩላሊቴን ልሰጠው ነው።”

“ጥምረት ኩላሊት የለውም።”

ዘምዘም ሸሚዟን ከጎኗ ገለጥ አደረገችና የጎድን አጥንቷን በመዳፏ መታችው። “ይኸውልህ! ይህ ምንድን ነው? ፌስታል ነው?”

እንድሪስ ዓይኑን በጨዋ ደንብ ዝቅ አደረገ። “እሱ የአባላቱ የጋራ ንብረት ነው። ሁለቱ አባላት ከተስማሙ ከንብረቱ መስጠት ይቻላል። ቅጹ ይኸው። እስከ ነገ ማታ ሁለቱም መዳፋቸውን ካሳረፉበት፣ ሐሙስ ይደርሳል።”

ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም አለ፦ ሐሰን አራጋው፣ ጅራት 4207፤ ሁሴን አራጋው፣ ጅራት 8413፤ ሐይቅ ከተማ። ከሥሩ አንድ ጥያቄ፦ ጥምረቱን የመሠረተው ማን ነው? ለመልስ የተተዉት ሳጥኖች ሁለት ናቸው፤ “አባላቱ” እና “ሌላ ሰው”።

“ ‘ሌላ ሰው’ ካልኩስ?”

“ያኔ ወንጀል ነው። የሠራው ሰው እስኪገኝ ከቁጥሩ ጋር የተነካካ ሁሉ ይታገዳል፤ ቀዶ ጥገናም ቢሆን። ‘አባላቱ’ ከተባለ ግን ቅጣቱ ቀላል ነው። ጥምረታቸውን ሳያሳውቁ በመቆየታቸው አንድ ዓመት ከሥራቸው ይታገዳሉ።” ቀና ብሎ በትሕትና ፈገግ አለላት። “ሌላ የምንረዳችሁ ነገር አለ?”

“እናንተ አትበለኝ!” ብላ ጮኸች። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አያት። ለእሱ ግን ጩኸት በየቀኑ የሚሰማው ነገር ነው፤ “ቀጣይ” አለ።

አቶ ይመር ከደም እጥበቱ ተመልሶ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። ዘምዘም ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገብታ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችለት፤ መስተዋቱን፣ ነርሷን፣ ያንን የተበጠረ ልጅ። ከጡረታው በፊት አባቷ በዚያው ቁጥር ቤት መዝጋቢ ስለነበር፣ ከእሷ ብሶ እንደሚቆጣ ጠብቃ ነበር። የድሮ ባልደረቦቹን ስም እየጠራ ሲሳደብ ታይቷት ነበር። እሱ ግን ጣሪያውን ያያል።

“ሁለት ሰዎች ናቸው አሉኝ። በዓይኔ አይቻቸው የማላውቅ ሁለት…”

“ሐሰንና ሁሴን” አለ አባቷ።

ዘምዘም ወረቀቱን ገና ከኪሷ አላወጣችም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“አባ፣ ስማቸውን በምን አወቅክ?”

“እርሳስ ስጪኝ” አለ። በመድኃኒቱ ካርቶን ጀርባ ላይ 91 ብሎ ጻፈ። “ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው አይደለም?”

“አሁን የሂሳብ ጊዜ ነው?”

“መልሺልኝ።”

እንደ ተማሪ ቤት ጊዜ በልቧ ሞከረችው። በሁለት እምቢ፣ በሦስት እምቢ፣ በአምስት እምቢ። “ብቸኛ ነው።”

“በሰባት አልሞከርሽም። ሰባት ጊዜ አሥራ ሦስት ነው። ሁሉም ሰው በዘጠና አንድ ይሳሳታል፤ የቁጥር ቤቱ ማሽንም እንደዚያው። ማሽኑ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሦስትን በራሱ ደጋግመህ አባዛ፣ በቁጥሩ አካፍል፣ ስንት ተረፈ? የመደጋገሙ ልክ ከቁጥሩ በአንድ ያነሰ ነው፤ እዚያ ልክ ላይ ሲደርስ ብቸኛ የሆነ ሁሉ ‘አንድ’ ይላል። ዘጠና አንድም ‘አንድ’ ይላል። ስድስት ሦስቶችን ብታባዢ ሰባት መቶ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ስምንት ጊዜ ዘጠና አንድ ሰባት መቶ ሃያ ስምንት። የተረፈው አንድ። ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠና በስድስት በስድስት ብትደጋግሚው፣ አንድ እንዳለ ነው።”

“ዋሸ።”

“ዋሸ። በሁለት ቢጠይቁት ግን ወዲያው ይያዛል። ማንም አይጠይቀውም፤ ጊዜ ይወስዳል።” እርሳሱን አስቀመጠ። “አሥራ ሦስትን አየሽው? የሰባት እጥፍ አሥራ አራት ነው፤ አንድ ሲቀነስለት አሥራ ሦስት። እንዲህ የተጣመሩ ብቸኞች ሲባዙ ግማሾቹ ይህንን ጥያቄ ያታልላሉ። የእኛ ማሽን ደግሞ ሰነፍ ነበር፤ አንድ ብቸኛ ካገኘ በኋላ ቀጣዩን ከባዶ አይፈልግም፤ ያገኘውን አጥፎ አንድ ይቀንስና ይሞክራል። ብዙ ጊዜ ተከታትለው የተመዘገቡ ሁለት ሰዎች ሰባትና አሥራ ሦስት ሆነው ነው የሚወጡት።”

ዘምዘም ቀስ በቀስ ገባት።

“አንተ ነህ” አለች።

አልካደም። ሰማኒያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ላይ ቁጥር ቤት ከአጭር ወደ ረጅም ሲሸጋገር ነው። ለየወረዳው ተቆጥሮ የተሰጠው አጭር ቁጥር አለቀ፤ ረጅሙ ገና አልመጣም። ዘምዘም እሱ ያኔ በሚሠራበት ደሴ በሰባተኛ ወሯ ተወለደች፤ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። የሙቀት ክፍሉ በር ያለ ቁጥር አይከፈትም። እናቷ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች። እሱ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ጻፈ። ሦስት ጊዜ ያው መልስ መጣ፦ ረጅሙ በመጪው ሳምንት ይደርሳል፤ ልጅቷ ትጠብቅ።

“ትጠብቅ!” አለ አቶ ይመር። “ከንፈርሽ ጠቁሮ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት አጭር ቁጥሮች የያዙት እነዚያ መንታዎች፣ ሐሰንና ሁሴን ናቸው። ሁለቱን አባዛኋቸው። ርዝመቱም ልክ የአዲሱ ሆነ። ቢስሚላህ ብዬ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት፣ አለፈ። በሩ ተከፈተ።”

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ታለቅስ ነበር። ዘምዘም ግን አንድ ሌላ ነገር አስታወሰች።

“ናይሮቢ” አለች።

አባቷ ዓይኑን ጨፈነ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆናት ለሁለት ዓመት የባትሪ ሥልጠና ናይሮቢ ተመርጣ ነበር፤ ከመላው ወሎ ሦስት ሰው ብቻ። አባቷ “ሬሳዬን ተራምደሽ ነው የምትሄጂው” ብሎ በሩ ላይ ተኛ። ሴት ልጅ አገር አቋርጣ አትሄድም የሚል ኋላ ቀር ሰው ነው ብላ ለአሥራ ሁለት ዓመት ቂም ይዛበታለች። ከእሷ ጋር የተመረጡት ሁለቱ ዛሬ ፋብሪካ ይመራሉ። እሷ የእነሱን ባትሪ ትጠግናለች።

“ድንበሩ ላይ አርባ ጥያቄ አለ” አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

“ልትነግረኝ ትችል ነበር!”

“አንቺን አውቅሻለሁ። ብነግርሽ ቁጥር ቤት ሄደሽ መስኮቱን ትሰብሪ ነበር።”

“እሰብረው ነበር! የእኔ ሕይወት ነው! የእኔ ናይሮቢ ነው!” ተነስታ ቆመች። ኩላሊቷን እንድትሰጠው ዓመት ሙሉ ስትለምነው “አልፈልግም” ሲላት የነበረውም አሁን ትዝ አላት። አስገድዳ ነው ያስፈረመችው። ይህ ግትር ሽማግሌ እሷን ከሚያስይዛት ሊሞት ቆርጦ ነበር። ማንን መስደብ እንዳለባት ግራ ገባት፤ ልብሱን የምታጥብለትን ይህን የከሳ ሰውዬ ነው፣ ወይስ “ትጠብቅ” ብሎ የጻፈውን የማታውቀውን እጅ? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። ያረሱት እነሱ፣ አረሙ የሚነቀለው ከእሷ ጎን።

በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእናቷ ፎቶ ተንጋደደ።

ረቡዕ ማለዳ የሐይቅ አውቶቡስ በሩን አልከፈተላትም። ጥምረት የሚሳፈረው አባላቱ ሁሉ ሲገኙ ነው። ጥምረት ተሳፋሪ ባይሆንም ንብረቱ ግን ይጫናል፤ አንድ የምታውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ከጫናቸው ባትሪዎች መሃል ጣላት፣ ጭነት ብሎ መዘገባት፣ መዘናት፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ። በደሴ በኩል እስከ ሐይቅ ድረስ ሸራ ለብሳ እያንዳንዱን ጉድጓድ በጀርባዋ ቆጠረችው። የባሰ አታምጣ አላለችም፤ የባሰውንስ ከየት ያመጡታል?

የመንታዎቹ ቤት ከሐይቁ ዳር ነው። ሐሰንና ሁሴን ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ እኩል ይረዝማሉ፣ እኩል ይጠቁራሉ፤ ጠባያቸው ብቻ ነው የተለያየ። ማስታወቂያው ቀድሟት ደርሶ ኖሮ ሁሴን ከደጅ ቆሞ ይፎክራል።

“ማኅበር የለኝም! ከዚህ ከወንድሜ ጋር መረብ እንኳ አንካፈልም! ማነው የእኔን ቁጥር ወስዶ ሰው የሠራበት?”

“ሰውየዋ መጣች” አለ ሐሰን፤ እያየ፣ ሊስቅ እየተዘጋጀ።

ዘምዘም ራሷን አስተዋወቀች። ስለ ሐሙስ ነገረቻቸው፤ ቅጹን ዘረጋች። ስለ ሳጥኖቹም አልደበቀችም፤ “አባላቱ” ብለው ከሞሉ አንድ ዓመት ከሐይቁ እንደሚታገዱ ነገረቻቸው። የአባቷን ስም ግን አላነሳችም።

“እንግዲያው ‘ሌላ ሰው’ ብለን እንሞላለን!” አለ ሁሴን። “ያደረገው ይገኝ! እኔ ምን በወጣኝ አንድ ዓመት ሙሉ ሐይቁን ከዳር ሆኜ የማየው? ልጆች አሉኝ!”

“እንደዚያ ከሞላችሁት አባቴ ይሞታል።”

“የሁሉም አባት ይሞታል።”

“ ‘ትጠብቅ’ ካሉት ሰዎች በምን ትለያለህ አንተ?” አለች ዘምዘም፤ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ስለተሰበረም ይበልጥ ተናደደች። “ለምኜህ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን የገዛ ሥጋዬን ልለምንህ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንደ ጆንያ ተጭኜ መጣሁ!”

“ሽማግሌ ሳትይዢ መጣሽ?” የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

እናታቸው እማማ ከድጃ በምርኩዝ ወጡ። ዘምዘም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አስቆሟትና ፊቷን አዩት፤ ረዥም ጊዜ አዩት።

“የተወለድሽው መቼ ነው?”

“ሰማኒያ ሁለት፣ ጥር ላይ። ደሴ።”

“አባትሽ ቀይ ሹራብ ነበረው?”

ዘምዘም ያንን ሹራብ ታውቀዋለች። አሁንም ሳጥን ውስጥ አለ፤ ብል በልቶታል።

እማማ ከድጃ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ንግግራቸው ወደ ሁሴን ነው።

“ስማ አንተ። እናንተን የወለድኳችሁ በስምንተኛ ወራችሁ ነው። አራተኛው ቀን ላይ መተንፈስ አቃታችሁ። ቁጥር ልጠይቅ ስሄድ መዝጋቢው ቀይ ሹራብ የለበሰ ጎልማሳ ነው። የቀረው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ስማችሁን ጻፈ። ‘እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ ሁለቱም ይገባሉ’ አለኝና ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ። የእሱ ልጅ ኮሪደሩ ላይ እየሞተች እንደነበር የሰማሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ከነርሶቹ።” ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። “ብዕሩ በእጁ ነበር። አንዱን ለልጁ ጽፎ አንዳችሁን ደጅ ቢተው ማን ያውቅበት ነበር? እኔ እንኳ አላውቅም ነበር። ወረፋው የእኔ ስለሆነ ለእኔ ሰጠኝ። ከሁለታችሁ ማንኛችሁ ደጅ ይቀር እንደነበር ንገረኝና፣ ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ሳጥን ሙላ።”

ሁሴን ሐሰንን አየው። ሐሰን መሬቱን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጹም አንድ መሰሉ።

ዘምዘም ደግሞ ማንንም አላየችም። አባቷ ይህንን አልነገራትም። ትናንት በዚያ ሁሉ ጩኸቷ መሃል፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ብሎ ዝም ሊያሰኛት ሲችል፣ አልነገራትም። እሷ በሩን ድርግም አድርጋ ነበር የወጣችው።

ቅጹን የሞላው ሁሴን ነው። መሥራቾች፦ ሐሰን አራጋው፣ ሁሴን አራጋው። የመሥራቾች ዕድሜ በምሥረታው ዕለት፦ አራት ቀን። የጥምረቱ ዓላማ የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመና ብዕሩን ጥርሱ ላይ መታ መታ አደረገ። ከዚያ “አንዲት ልጅ በር እንድትገባ” ብሎ ጻፈ። ሁለቱም መዳፋቸውን አሳረፉ። አራት ቀን የሞላቸው ሕፃናት እንዴት ሽርክና ይገባሉ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እንዲህ ያለ ሳጥን ቅጹ ላይ አልነበረም። ሳይመሽ በሐይቅ ቁጥር ቤት ሲያስገቡት፣ “ተቀባይነት አግኝቷል” አለ ማሽኑ።

“አንድ ዓመት ዓሣ ባናጠምድ፣ ዓሣዎቹ ይደሰታሉ” አለ ሐሰን።

ሐሙስ ሆነ። ከዘምዘም ጎን አንዱ ኩላሊት ወጣ፤ በወረቀቱ ላይ “ከጥምረቱ የጋራ ንብረት፣ ቁራጭ አንድ” ተብሎ ተመዘገበ። በሦስተኛው ቀን አቶ ይመር ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸና፤ ነርሶቹ አጨበጨቡ፣ እሱ አፈረ። ዘምዘም ቁስሏን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች።

“የመንታዎቹን ነገር ለምን አልነገርከኝም?”

“ልታመሰግኚኝ ትችያለሽ ብዬ ፈራሁ” አለ። “አይገባኝም። ያን ቀን በአንቺ ሕይወት ነው ጨዋ የሆንኩት።”

እጁን ያዘችው። ይቅር አልኩህ አላለችም፤ ናይሮቢ ገና ያማታል። ግን እጁን አለቀቀችም።

“ስወጣ በመጀመሪያ የማደርገው ቁጥር ቤት ፊት ለፊት ቆሜ መጮህ ነው” አለች። “በአንድ ጥያቄ ሰው እንደሚመዝኑ፣ ‘ትጠብቅ’ ብለው እንደሚጽፉ ሁሉም ይስማ።”

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። “ረጅሙ የመጣው በሳምንት ሳይሆን በአርባ ቀን ነው። በዚያ አርባ ቀን ኮሪደሩ ላይ የመጣሽው አንቺ ብቻ አልነበርሽም። አንዴ በሩ እንደሚከፈት ካወቅኩ በኋላ እንዴት እምቢ ልበል? አሥር ልጆች ሌላ አሉ። ከመዝገቡ ሰባትና አሥራ ሦስቶችን እየፈለግኩ፣ እያባዛሁ። አንቺ ስትጮኺ እነሱም ይመረመራሉ፤ በዚያው ቀን አሥር ሰው በር ይዘጋበታል።” ትንፋሹን ሰበሰበ። “አንዱ ያ መስኮቱ ላይ ያናገረሽ ልጅ ነው። የጫኔ ልጅ።”

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ዘምዘም እንድሪስ ጫኔ ፊት ቆመች። ጥምረቱ በአባላቱ ጥያቄ ፈርሷል፤ አዲስ ቁጥር ሊሰጣት ነው። ልጁ ያው የተበጠረ ነው።

“እንኳን ደስ አለዎት” አላት። “አሁን አንድ ነዎት።”

“ይህ አዲሱ ቁጥር ስንት ጥያቄ ተጠየቀ?”

“አንድ።”

“አሁንም አንድ!” መስኮቱን በጡጫዋ መታችው፤ ስፌቷ ሳባት። “በአንድ ጥያቄ ነው አባቴን ልትገሉብኝ የነበረው! በአንድ ጥያቄ ነው እንደ ጆንያ የተመዘንኩት! ዛሬም ያችኑ አንድ ጥያቄ?”

“ደንብ ነው እህቴ” አለ እንድሪስ። “ሀቀኛ ሰው ምን ያስፈራዋል? እኔም በአንድ ጥያቄ ነው የምኖረው። በሚቀጥለው ወር እናቴን ይዤ ሐጅ ስሄድ ድንበር ላይ አርባውን እጠየቃለሁ። በደስታ ነው የምጠየቀው።”

ዘምዘም አየችው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ሂድ፣ ተጠየቅ ብትለው ይበቃል። ዝም ብትልም ይበቃል። መካ ሊደርስ የወጣ ሰው ድንበር ላይ ጥምረት ሲሆን፣ አሮጊት እናቱ ሻንጣቸውን ይዘው ሲቆሙ፣ አንድ የተበጠረ ሰው “እንኳን ደህና መጣችሁ” ሲለው ታያት። ደስ ይላት ነበር። ለአንድ አፍታ፣ አዎ፣ ደስ አላት። ከዚያ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም የሆነ ሌላ ሕፃን፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ኮሪደሩ ላይ ታያት።

ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቁጣዋ አልበረደም፤ ዝቅ ያለው ድምፅዋ ብቻ ነው።

“እንድሪስ፣ ከመሄድህ በፊት እናትህን አንድ ነገር ጠይቃት። የተወለድክ ሰሞን የሙቀት ክፍሉን በር ማን እንዳስከፈተልህ ጠይቃት።”

“ምን ማለትዎ ነው?”

“ቀይ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ ታስታውስ እንደሆነ ጠይቃት። የተወለድከው ሰማኒያ ሁለት ጥር ላይ፣ ደሴ ነው አይደል?”

ልጁ ማያ ገጹን አየ፤ ጣቶቹ ሳያስበው ወደ ፊደል ገበታው ሄዱና የራሱን ጅራት ሁለት አኃዝ መቱ። ዘምዘም በመስኮቱ ቀዳዳ እጇን ሰድዳ እጁን ያዘችው።

“ቁጥርህን እዚህ አትጠይቀው” አለችው። “እዚህ የሚጠየቅ ነገር የለም።”

ካርዷን ወሰደችና ወጣች። ከኋላዋ መስኮቱ ከምሳ ሰዓት በፊት ሲዘጋ፣ ወረፋው ሲያጉረመርም ሰማች። አስፋልቱን ልትሻገር ስትል እንድሪስ በሠራተኞች በር ወጥቶ እየሮጠ ደረሰባት። ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ከደረቱ ገንጥሎ በእጁ ጨብጦታል። ፀጉሩ ተበትኗል።

“ሰውየው በሕይወት አለ?” አላት።

“አለ። ሐሙስ ቀን አተረፍነው፤ አንተም ልትከለክለን ነበር።”

አንገቱን ደፋ። ዘምዘም አሁንም ልትመታው ትፈልጋለች፤ በዚህ ቁስል መምታት አትችልም እንጂ።

“ተከተለኝ” አለችው።